ገንዘቡን ተዉት፣ ቀነ ገደቡን ክሰሱት፦ «ርዳታ ይቁም» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከልኝ የድሮ ባልደረባዬ ነው፤ ከሥሩም «ይኼን አንብበህ ስትጨርስ የበላኸውን ደሞዝ ትመልሳለህ» ብሎ ቀልዶብኛል። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ለጤናና ለድህነት ቅነሳ እየተባለ ከውጭ ለጋሾች ወደ ወረዳና ቀበሌ የሚወርደው ገንዘብ በ30 ዓመት ውስጥ የለወጠው ነገር የለም። ከመቶ ብር 70ው ለመኪናና ለአበል ይውላል። የተረፈው ደግሞ ሕዝቡን ሰነፍ አድርጎታል። እድራችን፣ ዕቁባችንና በውጭ ያሉት ልጆቻችን ይበቁናል። ስለዚህ አሜሪካ ርዳታዋን ማቋረጧ በረከት ነው፤ ሌሎቹም ይከተሏት። ከጽሑፉ አናት ላይ በሩ የተቆለፈ ጤና ኬላ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኔ 16 ዓመት ሙሉ በአገር በቀል ድርጅቶች ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ አዲስ አበባም ሠርቻለሁ፣ ሰሜን ሸዋም። እንግዲህ ገለልተኛ አይደለሁም፤ አንባቢ ይህን ይዞ ያንብበኝ። ጸሐፊው ያዩት ጉድ ሐሰት ነው አልልም፤ እንዲያውም ከእርሳቸው የከፋ አይቻለሁ። አልስማማም የምለው ጉዱን የለጠፉበት ቦታ ላይ ነው።

«ከመቶ ብር 70ው ለመኪናና ለአበል ይውላል»

ከዚህ ልጀምር፤ እንጀራዬ ነበርና። ጸሐፊው 70 የሚለውን ቁጥር ከየት እንዳገኙት አልጻፉም። እኔ ግን እገምታለሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621/2001፣ አንድ ድርጅት ቢያንስ 70 በመቶውን ለተቋቋመበት ዓላማ፣ ቢበዛ 30 በመቶውን ለአስተዳደር እንዲያውል ያስገድድ ነበር። እኛ ቢሮ ውስጥ «ሰባ ሠላሳ» እንለው ነበር። ከሰባ ሠላሳ ያለፈ ድርጅት ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ሲብስም ይዘጋል። ቁጥሩ በወሬ ሲንከባለል ተገልብጦ ጸሐፊው ጋ የደረሰ ይመስለኛል።

ሆኖም ቁም ነገሩ ከቁጥሩ መገልበጥ አይደለም፤ «አስተዳደር» የሚባለው ምኑ ነው? አንድ ቀን ልንገራችሁ። ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው ቆላ ውስጥ አንዲት ቀበሌ አለች፤ መኪና የሚደርሰው እስከ አፋፉ ነው፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ወይም በበቅሎ። የክትባት ዘመቻ ሲሆን ክትባቱ ራሱ ከመንግሥት መጋዘን በነፃ ይመጣል። የእኛ ድርጅት የሚከፍለው ናፍጣውን፣ የሾፌሩን ውሎ አበል፣ የበቅሎ ኪራዩንና ሁለቱ ባለሙያዎች እዚያው ሲያድሩ የሚበሉትን ነበር። ክትባቱ የሚሄድበት ሳጥን በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለበትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የሚነሡት። ማታ ደረሰኞቹን ተቀብዬ መዝገብ ላይ ሳሰፍር ያ ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ «አስተዳደር» የሚል ዓምድ ሥር ይገባል። ትራንስፖርት አስተዳደር ነው፣ አበል አስተዳደር ነው፣ ክትትል አስተዳደር ነው። ሕፃኑ ጭኑ ላይ የተወጋው መርፌ ግን አስተዳደር አልነበረም። ይህ አሠራር ስንቱን እንዳስዋሸ እኔ ነኝ የማውቀው። ገጠር የሚወርድ ድርጅት በመዝገብ ላይ አባካኝ፣ ከተማ ተቀምጦ ዱቄት የሚያድል ድርጅት ቆጣቢ ይመስል ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ አዋጅ፣ ቁጥር 1113/2011፣ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው፤ ግን አስተዳደራዊ ወጪ የሚባለውን ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ከተያያዘው ወጪ ለየው። ያ ጉዞ በአዲሱ ሕግ የፕሮግራም ወጪ ነው። ጸሐፊው የሚከሱት አሠራር በወረቀት ደረጃ ከተሻረ ዓመታት አልፈዋል።

አበልን በተመለከተ ግን ይወቅሱን፣ እኔም አብሬ እወቅሳለሁ። አዳማ ሆቴል ውስጥ «ስለ ገጠር እናቶች አመጋገብ» የሁለት ቀን ወርክሾፕ ተካሂዶ ከተሳታፊዎቹ አንዲት እንኳ የገጠር እናት ያልነበረችበትን ሒሳብ የዘጋሁት እኔ ነኝ። በአንድ ቀን በሁለት አዳራሽ የፈረመ ሰው ስም አግኝቼ ስጠይቅ «ጠዋትና ከሰዓት ከፋፍዬ ነው» ብሎ መልሶልኛል። ያፈርኩት እኔ ነበርኩ፤ እሱ ምንም አልመሰለውም።

«በ30 ዓመት የተለወጠ ነገር የለም»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ቁጥር አልጠቀሱም፤ ልጥቀስላቸው። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት 67 ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ጥናት 59። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በመጀመሪያው ጥናት ከመቶ አምስት ገደማ ነበሩ፤ በመጨረሻው ወደ ግማሽ ተጠግተዋል። የእኔ እናት ስምንት ወልዳ ሦስት ቀብራለች። በሰፈራችን ይህ እንደ ጉድ የሚወራ አልነበረም፤ «ስንት ልጆች አሉሽ?» ሲሏት የሞቱትንም ትቆጥር ነበር።

ይህን ሁሉ ርዳታ አመጣው አልልም። መንገድ ተሠርቷል፣ ሴቶች ልጆች ተምረዋል፣ መንግሥትም የራሱን አውጥቷል። ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚቆጥረውን የጤና ወጪ ሒሳብ ያየ ሰው አንድ ነገር አይስተውም፤ ሦስት እኩል በሚባል ሁኔታ ተከፋፍሏል። አንድ ሦስተኛው ገደማ ከመንግሥት፣ አንድ ሦስተኛው ገደማ ከውጭ ለጋሾች፣ የቀረው ደግሞ ከታማሚው ኪስ። ሦስት ጉልቻ ነው። ጸሐፊው አንዱን ጉልቻ ከምድጃው ላይ አንሡት ሲሉ ድስቱን ማን እንደሚይዘው አልነገሩንም። እኔ ልንገራቸው፤ ታማሚው ነው የሚይዘው፣ በሬውን ሸጦ።

ጸሐፊው ሊሉት ሲገባ ያላሉትን ደግሞ እኔ ልበልላቸው። መቀንጨር፣ ማለትም ልጅ በምግብ እጥረት ከዕድሜው በታች አጥሮ መቅረቱ፣ በዚያው ዘመን ከ58 በመቶ ወደ 37 በመቶ ነው የወረደው። ሞትን መቀነስ ላይ ሮጠናል፤ የተረፈውን ልጅ ማሳደግ ላይ ግን እየተጎተትን ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። ክትባት ዘመቻ ነው፤ መጥቶ ይሄዳል። ምግብ ግን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው፤ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት ጉልበቱ እዚያ አይደርስም።

«ርዳታ ሕዝቡን ሰነፍ አድርጎታል»

ይህን ሐሳብ ቡና ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም ሰምቼዋለሁ። ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት ምግብ ለሚያንሰው የገጠር ቤተሰብ ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠውን ሴፍቲኔትን ነው፤ «ተቀምጦ መብላት» ብለውታል። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዓላማው ድርቅ በመጣ ቁጥር «ድረሱልኝ» ከማለት ተላቅቆ፣ በየዓመቱ ለወራት ምግብ እንደሚያንሰው የታወቀውን ቤተሰብ አስቀድሞ መያዝ ነበር። ሰባት ስምንት ሚሊዮን ሰው ታቅፎበታል። መሥራት የሚችል ይሠራል፤ እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። ሒሳቡ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ነው፤ ያውም እህል ከጎተራ በሚጎድልበት ግማሽ ዓመት። በወር 5 ቀን ድንጋይ ተሸክሞ ሌላውን 25 ቀን የሚሰንፍ ገበሬ ካለ ጸሐፊው ያሳዩኝ። ከጥር እስከ ሰኔ ማሳው ራሱ አያስቀምጠውም።

ተመራማሪዎችም ይህንኑ ፈትሸዋል። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች ከሴፍቲኔቱ ጋር የእርሻ ድጋፍ ያገኙ ቤተሰቦችን ተከታትለው ሥራ የመቀነስ ምልክት አላገኙባቸውም። ለ5 ዓመት የቆየ ቤተሰብ የሚራብበት ጊዜ በዓመት ከአንድ ወር በላይ አጥሮለታል። ግን ከተቋሙ ጥናቶች ውስጥ ጸሐፊውን ሊያስደስት የሚችል ነገርም ነበረ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአማካይ ሲታይ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን ተረጂው እጅ የደረሰው ገንዘብ ከታቀደው በጣም ያነሰ መሆኑ ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ የደረሳቸው ተሻሽለዋል።

የክፍያ ቀን አንድ ጊዜ ታዛቢ ሆኜ ሄጄ ነበር። መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ያለ ሥራ የሚሰጥ «ቀጥታ ድጋፍ» አለ። አንዲት እናት ብሩን ተቀብለው፣ ቆጥረው፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። «እማማ፣ ምን ይገዙበታል?» አልኳቸው። ቅጹ ላይ የሚሞላ ጥያቄ ነበር፤ «ምግብ፣ አልባሳት፣ ግብዓት፣ ሌላ»።

«ዕዳ» አሉኝ።

«ማለት?»

«ባለሱቁ ከጥር ጀምሮ ጨውና ዘይት እየሰጠኝ ነው። እናንተ ስትዘገዩ የሚያበላኝ እሱ ነው፤ እናንተ ስትመጡ እኔ እሱን አበላለሁ።»

ጊዜው ሚያዝያ አጋማሽ ነበር። የጥር ክፍያ ነው በሚያዝያ የመጣው። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

«እድርና ዕቁብ ይበቁናል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልቤን ነክተውታል፤ የእድር ጸሐፊ ሆኜ አራት ዓመት አገልግያለሁ። እድር ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ከሁሉ በላይ ሰው አለው። ሌሊት ሞተ ቢባል ሳይነጋ ድንኳኑ ተተክሏል። የትኛውም ለጋሽ እንዲህ ዓይነት ፍጥነት የለውም፤ ለአንድ ድንኳን ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል።

ነገር ግን እድር የሚያውቀው የአንድ ሰው ሐዘን በመቶ ሰው መዋጮ ሲሸፈን ነው። መቶውም አንድ ላይ ካዘኑ መዋጮው ከየት ይመጣል? ይህ በሐሳብ ደረጃ የምጠይቀው አይደለም፤ በዓይናችን አይተነዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን አዲስ አበባ ጸሐፊው ካስታወሱት ያስታውሱት። በእኛ ሰፈር በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚለፈፍበት ወር ነበር። የሚሞተው ደግሞ ወጣቱ ነው፤ መዋጮ የሚከፍለው ራሱ። የእድሩ ካዝና ተራቆተ። ወርኃዊ ክፍያው ሁለት ጊዜ ተጨመረ፣ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ተቀነሰ፣ በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ድንኳኑን አከራይተን እንደጉም ብለው ሐሳብ አቀረቡ። በሽታውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «በአጭር ሕመም» እያልን እንጽፍ ነበር። እኔ ከተረከብኩት መዝገብ ውስጥ ያ «አጭር ሕመም» ገጽ ሙሉ ተደርድሯል።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ግሎባል ፈንድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የጤና ፈንድና ፔፕፋር ከተባለው የአሜሪካ የኤች አይ ቪ ፕሮግራም በመጣ ገንዘብ። በኋላ ላይ ከ400 ሺህ የሚበልጥ ሰው መድኃኒቱን ጀምሯል። ብዙ እድሮችም በትንሽ የድጋፍ ገንዘብ ከቀብር ወጥተው የታመመውን ቤቱ ሄደው ማስታመም፣ ወላጆቹን ያጣውን ልጅ ደብተር መግዛት ጀመሩ። የእኛ መዝገብ ላይ ከ1999 ዓ.ም. በኋላ የቀብሩ ቁጥር ሲወርድ ይታያል። ጸሐፊው እድር ርዳታን ይተካዋል ይላሉ፤ እኔ ባየሁት ዘመን ግን እድርን ከመፍረስ ያዳነው ርዳታ ነው። እድሩ ደግሞ መድኃኒቱ ቤት እንዲገባ አደረገ። «ከሁለቱ ምረጡ» የሚባል ነገር በእኛ ሰፈር አልነበረም።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑም እንደዚሁ ነው። ጸሐፊው «ሕዝቡ ራሱ ያዋጣበት» ብለው ያሞገሱት ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የጥናቱንና የአደረጃጀቱን ወጪ በመሸፈን የአሜሪካ ርዳታ ነበረበት። መዋጮውን መክፈል ለማይችለው ድሃ የሚከፍለው ደግሞ መንግሥት ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ይሞገስ፣ ግን ከነታሪኩ።

ስለ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናም ጽፈዋል፤ «ያለ ፈረንጅ ገንዘብ የቆመች እናት» ብለው። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው፣ በረሀቡ መካከል በሞተች እናቷ ጡት ላይ ያለች ሕፃን አይተው፣ ሁለት ልጆች ይዘው የተመለሱት፣ ከዓመት በኋላም 21 ልጆች የነበሯቸው በእርግጥ ያለማንም ርዳታ ነው። ትዳራቸውን እስከማጣት ከፍለውበታል። ሰኔ 27 ቀን 2013 ሲያርፉ የተዉት ድርጅት ግን በ21 ልጅ አልቆመም። ዳቦ ጋግረው እየሸጡ፣ የሙያ ሥልጠና እየሰጡ፣ ከውጭም ለጋሽ እየተቀበሉ ነው ያን ያህል ያደረሱት። እርሳቸው ርዳታ መቀበልን እንደ ውርደት አላዩትም። ጸሐፊው ለእርሳቸው ሲሉ ሊያፍሩላቸው ምን አስፈለገ?

ዳያስፖራውን ባጭሩ ልለፈው። በ2010 ዓ.ም. «በቀን አንድ ዶላር» ተብሎ የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ሲቋቋም ሰው ሁሉ ተስፋ አድርጎ ነበር። የተሰበሰበው በጎ ነገር ሠርቷል፤ ከተጠበቀው ግን እጅግ ያነሰ ነበር። በውጭ ያለ ልጅ የሚልከው በመጀመሪያ ለእናቱ ነው፤ እንዲህም ነው መሆን ያለበት። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ልጅ የሌላቸው እማማ ግን ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም አይደርሳቸውም።

«መቋረጡ በረከት ነው»

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ጥር 12 ቀን 2017 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ርዳታን ለ90 ቀን አገዱ፤ ሰኔ 24 ቀን የአሜሪካን ርዳታ ያስተዳድር የነበረው ዩኤስኤአይዲ የሚባለው መሥሪያ ቤት ራሱ ከሰመ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ከአሜሪካ ከፍተኛ ርዳታ የምታገኘው አገር ነበረች። በዚያው በጥር ወር ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ የኮንትራት ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አዘዘ። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው «ጥገኝነታችን ተጋለጠ» ብለዋል።

ተጋልጧል፤ ግን ሌላም ነገር አብሮ ተጋልጧል። እነዚያ 5 ሺህ ሰዎች በአንድ ሌሊት ሲሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አልሄዱም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ለሥልጠናውም፣ ለዕቃውም፣ ለመድኃኒቱም ግሎባል ፈንድንና ለክትባት ገንዘብ የሚሰጠውን ጋቪን የመሳሰሉ ለጋሾች ብዙ አውጥተዋል። ደሞዛቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመንግሥት በጀት ውስጥ ነበረ። ከአንድ ዓይነት ኪስ የወጣ ገንዘብ ነው፤ አንደኛው ኮንትራት ገዛ፣ ሌላኛው የሚቆይ ነገር አስጀመረ። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ስም «ርዳታ» ብለው ጠርተው አብረው ቀበሯቸው።

ሰሜን ሸዋ ካለፉ ዓለም ከተማን ይጎብኙ። እናት ሆስፒታል የሚባለውን የሠራው ካርልሃይንዝ በም ያቋቋመው «ሰዎች ለሰዎች» ነው፤ ዛሬ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ያ ድርጅት አንድ አካባቢ ከገባ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆይ ነበር። አብዛኛው ለጋሽ ግን ይህ አመል የለውም።

የእኛ ለጋሽ አልነበረውም። ስሙን አልጠራም። በአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ስድስት አልጋ ያለው የእናቶች ማቆያ ሠራን። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚቆዩበት ነው፤ ያለዚያ ምጥ ሲጀምራቸው በቃሬዛ አምስትና ስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ፕሮጀክቱ ለገንፎ ዱቄት፣ ለቡና፣ ለማገዶና ለአንዲት ምግብ አብሳይ ይከፍል ነበር። ገንፎው እንደ ትንሽ ነገር እንዳይታይ። በአገራችን አራስ ቤት ያለ ገንፎ ምን አራስ ቤት ነው? አማቾች «ጤና ጣቢያ ሄዳ ማን ያገነፋላታል?» ብለው ነበር ምራቶቻቸውን የሚያስቀሩት። ገንፎው ከገባ በኋላ አልጋ ጠበበ፤ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፍን።

በሦስተኛው ዓመት በግንቦት ወር የፌዝ አውት ደብዳቤ ደረሰን። ፕሮጀክቱ በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። የጤና ጣቢያው ኃላፊና የቀበሌው ሽማግሌዎች ያቀረቡት ሐሳብ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ቤት በመኸር አንድ አንድ ጣሳ እህል ሰብስበን እኛው እንቀጥላለን፣ እስከ መኸር ብቻ ያዙልን አሉ። ስድስት ወር ማለት ነው። ለለጋሹ ጻፍን። በትህትና ተመለሰልን፤ የገንዘቡ ዘመን አልቋል፣ ማራዘም አይቻልም።

በዚያው ሰኔ ደግሞ ከሌላ የበጀት ርዕስ ያልተነካ ገንዘብ ነበረን። ከርዕስ ርዕስ ማዛወር ክልክል ነው። ካልወጣም ይመለሳል፤ «በርን ሬት» የሚሉት፣ ማለትም በጀቱ የሚወጣበት ፍጥነት፣ ዝቅተኛ ሆኖ ከታየ በሚቀጥለው ጊዜ ፈንድ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ግንዛቤ ማስጨበጫ በሚለው ርዕስ 300 ኮፍያ አሠራን፤ ሎጎ ያለበት። ማዘዣው ላይ ፈርሜያለሁ። በዓመቱ በዚያ መንገድ ሳልፍ አንዱን ኮፍያ ማሽላ ማሳ ውስጥ በእንጨት ላይ ቆሞ ወፍ ሲጠብቅ አየሁት።

ማቆያው ስምንት ወር ተዘግቶ ቆየ። ከዚያ ተከፈተ። በሽማግሌዎቹ ጣሳ፤ እንዳሉትም አደረጉት። የገቡትን ጆንያዎች የሚመዘግቡበትን ደብተር አሳይተውኛል፤ በእርሳስ የተጻፈ፣ ቀበሌ በቀበሌ፣ ያልሰጠው ሰው ስም ሳይቀር። በእነዚያ ስምንት ወራት መንገድ ላይ ስንት እናት እንደወለደች ግን በእኔም፣ በለጋሹም፣ በእነሱም ደብተር አልተመዘገበም።

ጸሐፊው ይህን ታሪክ ቢሰሙ «አየህ፣ ሕዝቡ ራሱ ቻለ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቻለ። ግን ቤቱን፣ አልጋውንና የመጀመሪያውን ገንፎ ያመጣው ጣሳው አልነበረም። የገደለን ደግሞ ገንዘቡ ሳይሆን ገንዘቡ የሚቆምበት ቀን ነው፤ የበጀት ዓመቱ ከእኛ መኸር ጋር አይተዋወቅም።

ሌላም ኃጢአት አለን፤ ጸሐፊው ሳያውቁት አልፈውታል። በ16 ዓመት ውስጥ ስንት የሒሳብ ሪፖርት እንዳዘጋጀሁ አላስታውስም፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም ወደ ላይ። አንድ ጊዜ እንኳ «ይህን ያህል መጣ፣ ይህን ያህል ወጣ» ብዬ በአማርኛ ጽፌ ለቀበሌ ስብሰባ አላቀረብኩም። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላሰብኩትም። የእድር ጸሐፊ ሳለሁ ግን በየሦስት ወሩ ሰፈሩ ፊት ቆሜ ሳንቲም ሳይቀር እቆጥር ነበር፤ አንድ ብር ብትጎድል የሚለቁኝ አልነበሩም። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የምግብ ርዳታ ለሌላ ዓላማ ዋለ ተብሎ የአሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እደላ በመላ አገሪቱ ሲቆም፣ የቅጣቱ ወራት ያለፉት በተረጂው ሆድ ላይ ነበር። የተላከለትን መጠን ሰነዱ ላይ አይቶ «ይህ ሁሉ የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ተረጂ ቢኖር ኖሮ ሌባው ቀድሞ በተያዘ ነበር። ሴፍቲኔት የተጠቃሚዎችን ዝርዝር በአደባባይ ለጥፎ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቋቋመው ለዚህ ነው፤ ጉድለት ቢኖርበትም ከእኛ ፕሮጀክቶች በብዙ ይሻላል። ጸሐፊው ዘመቻ ማድረግ ከፈለጉ እዚህ ላይ ያድርጉ፤ የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ።

ስለ ፎቶግራፉ ልበልና ላብቃ። ከሥሩ «የርዳታ ፍርስራሽ» ተብሎ ተጽፎበታል። የተዘጉ ጤና ኬላዎች አሉ፤ መድኃኒት ያለቀባቸው፣ ጣሪያቸው የተገነጠለ፣ በጦርነት የወደሙ። ይህኛው ግን ግድግዳው ተቀብቷል፣ ግቢው ተጠርጓል፣ ከበሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ጄሪካን ተሰቅሏል። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲነደፍ ሠራተኞቹ አብዛኛውን ጊዜያቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲያሳልፉ ነው የተነደፈው። በሩ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። ስልኬ ላይ አጉልቼ አነበብኳት፤ ጽሑፏ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል።

«ለክትባት ወጥተናል። 9 ሰዓት እንመለሳለን።»